ከዕፅዋት የተሠራ የድብርት መድኃኒት በሰውነታችን ውስጥ ምን ይሠራል?

የዛሬው ትምህርታችን ዘመድ ከውጭ አገር ስለሚልከውና «ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም» እየተባለ ስለሚወሰድ የድብርት መድኃኒት ነው። ስሙ ሴንት ጆንስ ወርት ይባላል።

ይህ ተክል ምንድን ነው?
በአውሮፓ በብዛት የሚበቅል፣ ቢጫ አበባ ያለው ተክል ነው። በአገራችን ደጋ የሚገኘው አሜጃ ዘመዱ ነው፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው አይተካም። በክኒን ወይም በሻይ መልክ ይሸጣል። ቀላልና መካከለኛ ድብርት ያለባቸውን ሰዎች እንደሚረዳ በጥናት ታይቷል።

እንዴት ይሠራል?
የነርቭ ሴሎች የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው። አንዱ ሴል ሴሮቶኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይለቃል። በሌላኛው ሴል ሽፋን ላይ ደግሞ መልእክቱን የሚቀበሉ «ተቀባዮች» አሉ። ተቀባዩን እንደ በር ቁልፍ፣ ሴሮቶኒንን እንደ መክፈቻው አድርጋችሁ አስቡት። ሥራው ሲያልቅ የላከው ሴል ሴሮቶኒኑን መልሶ ይወስዳል። ተክሉ ውስጥ ያለው ሃይፐርፎሪን ይህን መልሶ መውሰድ ስለሚቀንስ ሴሮቶኒኑ በተቀባዮቹ ዘንድ ይቆያል። ለውጡ የሚታየው በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ነው።

ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው?
ሃይፐርፎሪን ጉበት ውስጥ ካለ ሌላ ተቀባይ ጋርም ይገናኛል። ያን ጊዜ ጉበት መድኃኒት የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን አብዝቶ ይሠራል። ስለዚህ ሌላው መድኃኒታችሁ ሥራውን ሳይጨርስ ይጠፋል። በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ኢንዲናቪር የተባለው የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በደም ውስጥ ያለው መጠን በ57 በመቶ ቀንሷል። ዛሬ በሰፊው የሚሰጠው ዶሉቴግራቪርም ከዚህ ተክል ጋር ሊወሰድ አይገባም።

በተለይ የሚከተሉት ይጠንቀቁ፦
1. የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስዱ፤ መድኃኒቱ ሲያንስ ቫይረሱ ሊለመደው ይችላል።
2. የእርግዝና መከላከያ ክኒን የሚውጡ ወይም በክንድ የሚቀበረውን የሚጠቀሙ እናቶችና እህቶች፤ ያልታሰበ እርግዝና ሊመጣ ይችላል።
3. ከክሊኒክ ፍሉኦክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን የታዘዘላቸው፤ ሴሮቶኒን ከመጠን በላይ ሊበዛ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ትኩሳትና መደናገር ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ክሊኒክ ይሂዱ።

ምን እናድርግ?
የተላከላችሁን ክኒን ወይም ሻይ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ለጤና ባለሙያ አሳዩ። ዕፅዋት ነው ብላችሁ አትደብቁ። ከሐኪም የታዘዘላችሁን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ። ተክሉን ብታቆሙም በጉበት ላይ ያለው ኃይል ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚቆይ ይህንንም ተናገሩ።

ድብርት በሽታ እንጂ ድክመት አይደለም፤ ሕክምናም አለው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣበት ሰው ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ አድርሱት።