ያልተከለሰው የምርጫ ካርታ፦ ከጀውሃ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት

ጀውሃ ከሸዋሮቢት ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት። በዙሪያዋ ቀወት፣ ኤፍራታና ግድም እና ጅሌ ጥሙጋ ወረዳዎች ይጎራበታሉ፤ ወደ ምሥራቅ ቆላውን ወርዶ የአፋር ክልል ይጀምራል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ማሾውንም ሽንኩርቱንም ይዞ አንድ ገበያ ይውላል። ምርጫ ሲደርስ ግን ማን ከማን ጋር እንደሚመርጥ የሚወስነው የወረቀት መስመር ነው። ጎረቤቷ አጣዬ በተቃጠለችበት በ2013 ዓ.ም. ሸዋሮቢትና ኤፍራታና ግድም የመራጮች ምዝገባ በጊዜው ሊጀመርባቸው ካልቻሉ ምርጫ ክልሎች መካከል ነበሩ።

ስለ ምርጫ ስናወራ ኮሮጆውን እንጂ የምርጫ ክልሉን አከላለል እምብዛም አናነሳም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ፣ በውጤቱም ላይ ተመሥርቶ ምርጫ ቦርድ ረቂቅ እንዲያቀርብና ፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን እንዲወስን ያዛል። ቆጣሪ፣ አርቃቂ፣ ወሳኝ። በነዚህ ሦስት ወንበሮች ላይ በተለያየ ጊዜ ሦስት ሴቶች ተቀምጠው ነበር።

ወ/ሮ ሳሚያ ዘካሪያ የ1999ኙን ቆጠራ ያካሄደው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ዋና ዳይሬክተር ነበሩ። የአማራ ክልል ሕዝብ ከትንበያው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ ሲገኝ የተነሳው ጥያቄ ፓርላማ ድረስ ዘልቋል፤ ዛሬም ያልረካ ብዙ ነው። እኚሁ ሴት በ2009 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ።

በኅዳር 2011 የተተኳቸው ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው፤ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ የለቀቁት ዳኛ፣ በኋላም የተቃዋሚው ቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር፣ ሁለት ጊዜ የታሰሩ ፖለቲከኛ። ከእርሳቸው በላይ ለወንበሩ የተገባ ሰው አላውቅም። እርሳቸውም ቢሆኑ በአፋርና በሶማሌ አወዛጋቢ ቀበሌዎች ስላሉ የምርጫ ጣቢያዎች ሲወስኑ የሶማሌ ክልል በ2013ቱ ምርጫ አልሳተፍም እስከ ማለት ደርሶ ነበር። አዲስ ቆጠራ በሌለበት አዲስ ካርታ ማርቀቅ አይቻልምና የቦርዱ ሥራ የጣቢያ ጠብ መዳኘት ሆኖ ቀረ።

ሦስተኛዋ ወ/ሮ ኬሪያ ኢብራሂም ናቸው፤ ከሚያዝያ 2010 ጀምሮ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባዔ ነበሩ። በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ቆጠራውን ዳግም አራዘሙት። በዓመቱ ወ/ሮ ኬሪያ ለ2012 የታቀደው ምርጫ መራዘሙን ተቃውመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ምርጫ መራዘሙ አፈ ጉባዔ አስለቀቀ፤ የቆጠራው መራዘም ግን ያን ያህል ያስቆጣው ሰው አልነበረም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ምርጫው በዓመቱ ተካሄደ፣ ቆጠራው ግን በዚያው ቀረ።

የመዘዙን ልክ ቁጥሩ ያሳያል። የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ከ1987 ጀምሮ 547 ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ሶማሌ ክልል 4.4 ሚሊዮን፣ ትግራይ 4.3 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራቸው፤ መቀመጫቸው ግን 23 እና 38። አማራ ክልል 17.2 ሚሊዮን ሆኖ 138፣ ማለትም ለአንድ ተመራጭ 125 ሺህ ሰው ገደማ። ሕገ መንግሥቱ ቢያንስ 20 መቀመጫ ለአናሳ ብሔረሰቦች መጠበቁ ተገቢ ነው፤ አርጎባም ወኪሉን ያገኘው በዚሁ ነው። የሶማሌና የትግራይ ልዩነት ግን በዚህ አይገለጽም።

አሜሪካኖች በየ10 ዓመቱ ቆጥረው ካርታቸውን ይከልሳሉ፤ በብዙ ግዛቶች መስመሩን የሚያሰምረው በምክር ቤቱ ብልጫ ያለው ፓርቲ ስለሆነም ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይካሰሳሉ። ጀውሃ ላለችበት ለይፋት ደግሞ አደጋው ከክስ ይብሳል። የወረዳ ወሰን ደም ባፋሰሰበት ቆላ፣ ሕዝብ ያላየው መስመር አዲስ ጠብ ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ቆጠራው ሲካሄድ ረቂቁ ካርታ ምክር ቤት ከመግባቱ በፊት ቀበሌ በቀበሌ ተዘርዝሮ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በአፋርኛም ተጽፎ፣ ሸዋሮቢትም የጅሌ ጥሙጋዋ ሰንበቴም ላይ ለሕዝብ ይለጠፍ። የጀውሃ ገበሬ ድምፁ ከየትኛው ቀበሌ ጋር እንደሚደመር አስቀድሞ ይይ፤ ካልተስማማው ቅሬታውን በጽሑፍ የሚያስገባበት ጊዜ ይሰጠው፤ መልሱንም በጽሑፍ ያግኝ።