ለዛገ ቧንቧ የሚከፈል ዋጋ
ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባው መስመር ባረጀ ቁጥር ኪሳራው የባለቤቱ ነው

የጉና ተራራ የብዙ ወንዞች መነሻ ነው። ይሁን እንጂ በአካባቢው በሚገኙት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ውሃ ማጀት እስኪደርስ የሚጠይቀው ወጪ ቀላል አይደለም። የገጠሩ ነዋሪ በአመዛኙ ከምንጭና ከእጅ ፓምፕ ሲቀዳ፣ እንደ ነፋስ መውጫ፣ ዓርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ባሉ ከተሞች ደግሞ ቦኖና የግል ቧንቧ አለ። የግል ቧንቧ ያስገባ አባወራ ታዲያ ቆይቶ አንድ ያላሰበው ወጪ ይጠብቀዋል። ይኸውም ከዓመታት በፊት የተቀበረውን የብረት ቧንቧ መቀየር ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ የዚህ ዓይነቱ ጭንቀት መነሻ እርሳስ ነው። አሜሪካ አዲስ የእርሳስ ቧንቧ መዘርጋትን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ ከ2014 ጀምሮ በፍሊንት ከተማ የደረሰው የውሃ ብክለት አሮጌዎቹን መስመሮች ነቅሎ ማውጣትን የመንግሥት ጉዳይ አድርጎታል። በእኛ አገር ከተሞች በሰፊው የገባው ቧንቧ ግን ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ይህ ማለት ከእርሳስ ፈጽሞ ነፃ ነን ማለት አይደለም። በአሮጌ የዚንክ ሽፋን፣ በርካሽ የነሐስ ቧንቧ አፍና በብየዳ ቆርቆሮ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ከ10 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ የሚመክር ሲሆን፣ ለሕፃናት አእምሮ ግን ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘም። በመሆኑም ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረውን ውሃ ለልብስና ለወለል ማጠቢያ አውሎ፣ ለመጠጥና ለወጥ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መቅዳት ይበጃል።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ከቆጣሪው ወደ ቤት በሚገባው መስመር ላይ በደቂቃ 1 ሊትር የምታፈስ ቀዳዳ አለች እንበል። በቀን 1,440 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን 72 ጊዜ ይሞላል። በወር 43 ሜትር ኩብ ይሆናል። ውሃው መሬት ውስጥ ቢሰምጥም ቆጣሪው ቆጥሮታል። የውሃ ታሪፍ እንደ ፍጆታው መጠን እርከን በእርከን በሚጨምርበት ከተማ፣ ቀዳዳዋ ቤተሰቡን ያለ ፍላጎቱ ወደ ከፍተኛው እርከን ትወስደዋለች። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም፤ ማታ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግቶ የቆጣሪውን ቁጥር መያዝ፣ ጠዋት ውሃ ሳይቀዳ እንደገና ማየት ነው።

ዝገት ቧንቧ ከመብሳቱ በፊትም ያጠበዋል። የውስጥ ስፋቱ በግማሽ የቀነሰ ቧንቧ የሚያሳልፈው ውሃ ከቀድሞው ስድስት እጅ አንዱን ያህል ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ቦታ የሚከተለው ነው። መስመሩ ባዶ ሲሆን ቀዳዳው በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ፈረቃው ሲደርስ ያው ቆሻሻ ወደ እንስራው ይገባል። ከዚያ የሚመጣው የሕክምና ወጪ በውሃ ደረሰኝ ላይ ባይጻፍም የዚያው ቧንቧ ዕዳ ነው።

በገበያው ላይ ሸማቹ የሚያማርጠው በሦስት ዓይነት መካከል ነው። የብረቱ ቧንቧ በ6 ሜትር ዘንግ ስለሚሸጥ መጋጠሚያው ይበዛል፤ ዝገቱም ተመልሶ ይመጣል። ፒፒአር የሚባለው አይዝግም፤ ሆኖም በሙቀት ማሽን ስለሚበየድ መብራት ይፈልጋል፤ ፀሐይም ይጎዳዋል። ጥቁሩ ኤችዲፒኢ በጥቅል ስለሚመጣ ከቆጣሪ እስከ ቤት ያለ መጋጠሚያ ሊዘረጋ ይችላል፤ ጫፎቹም ያለ መብራት በእጅ በሚጠብቅ ማያያዣ ይታሰራሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ከመሬት በታች ለሚቀበር መስመር የሚመረጠው ይኸው ነው።

ሲገዙ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። የብረት ቧንቧ በኢንች የሚጠራው በውስጥ ስፋቱ ሲሆን፣ ኤችዲፒኢ በሚሊ ሜትር የሚለካው በውጭ ስፋቱ ነው። ስለሆነም በግማሽ ኢንች ብረት ምትክ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩን የገዛ ሰው ስፋት አልጨመረም፤ ባለ 25ቱ ይሻላል። ሁለተኛው በቧንቧው ላይ የታተመው የግፊት ቁጥር ነው። ፒኤን 10 የሚለው እስከ 10 ባር ይችላል ማለት ነው። ከማጠራቀሚያው ጋን በታች በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት ግፊቱ በ1 ባር ያህል ስለሚጨምር፣ ተዳፋት በበዛበት በዚህ አገር ስስ ቧንቧ መግዛት አያዋጣም።

ዋጋው ለምን ናረ ለሚለው መልሱ ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። የፕላስቲክ ቧንቧ አገር ውስጥ ቢመረትም ጥሬ ዕቃው በዶላር ይገዛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ትራንስፖርቱም አለ። ከባሕር ዳር በወረታና በደብረ ታቦር አድርጎ ነፋስ መውጫ የሚደርሰው ጭነት በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ከተነሣው ግጭት ወዲህ መንገድ ሲዘጋ ይቆማል፤ ከዋናው ጎዳና ርቀው ለሚገኙት ለወገዳና ለመካነ ኢየሱስ ችግሩ ይብሳል።

የቁፋሮው ድካም ግን ለደህናውም ለደካማውም ቧንቧ አንድ ነው። ስለዚህ የተበሳውን ቦታ ብቻ እየቆረጡ መቀጠል፣ በየዓመቱ ለአንድ ሥራ ደጋግሞ መክፈል ነው። የሚያዋጣው ሙሉውን መስመር በበጋ በአንድ ጊዜ መቀየር፣ ውርጭና የጋሪ ጎማ እንዳያገኘው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥልቆ መቅበር ነው። ጎረቤታሞች ተባብረው አንድ ጥቅል ቢካፈሉና በደቦ ቢቆፍሩ ወጪው በእጅጉ ይቀንሳል። ቆጣሪውና ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር ግን የከተማው ውሃ አገልግሎት ስለሆነ፣ ሥራው ሳይጀመር ጽሕፈት ቤቱን ማሳወቅ ያስፈልጋል።