ፊልሙ የዘለለው ጦርነት

«ካርቱን ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት! የስታር ዎርስን ፊልሞች ደጋግመው ካዩ ሰዎች መካከል እንኳ «ዘ ክሎን ዎርስ» የተባለውን ተከታታይ አኒሜሽን ለልጆች የተዉት ብዙ ናቸው። እኔ ግን እሱን ያላየ ሰው በታሪኩ ቅደም ተከተል ሦስተኛ የሆነውን የ2005ቱን ፊልም ገና በግማሹ ነው ያየው እላለሁ። ለምን እንደምል ላስረዳ፤ ታሪኩን አስቀድማችሁ መስማት የማትወዱ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ።

እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የመጀመሪያው ፊልም ላይ ሽማግሌው ኦቢ-ዋን ስለ ክሎኖች ጦርነት ጠቀስ አድርጎ ያልፋል። ጦርነቱ ሲጀመር ለማየት ተመልካቹ 25 ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ጉዱ ታዲያ እዚህ ላይ ነው፤ የ2002ቱ ፊልም የሚያልቀው ጦርነቱ ሲፈነዳ፣ የ2005ቱ የሚጀምረው ደግሞ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ነው። መካከሉ ላይ ያለው የሦስት ዓመት ውጊያ የት ገባ? አናኪን ስካይዎከር ጀግና የተባለበት፣ ከኦቢ-ዋን ጋር እንደ ወንድማማች የሆኑበት ዘመን ተዘሏል። በ2008 ጆርጅ ሉካስ ዴቭ ፊሎኒን ይዞ ያንን ክፍተት መሙላት ጀመረ።

ለሪፐብሊኩ የሚዋጉት ወታደሮች ክሎኖች ናቸው፤ ካሚኖ በምትባል ፕላኔት ላይ ከአንድ ሰው ከጃንጎ ፌት ዘረመል የተባዙ፣ መልካቸውም ድምፃቸውም አንድ የሆነ። በፊልሞቹ ውስጥ ከብዛታቸው በቀር ምናቸውንም አናውቅም። ከዚያ «ትእዛዝ 66» ይመጣና ለዓመታት አብረዋቸው የተዋጉትን፣ ጄዳይ የሚባሉትን ተዋጊ አዛዦች ከጀርባ ተኩሰው ይገድሏቸዋል። ፊልሙ ይህን በጥቂት ደቂቃ ያሳልፈዋል። ያሳዝናል፤ የምናዝነው ግን ለጄዳዮቹ ብቻ ነው።

ተከታታዩ የሠራው ሥራ እነዚህን ወታደሮች ሰው ማድረግ ነው። ገና በመጀመሪያው ክፍል ጄዳዩ ዮዳ ሦስት ክሎኖችን ዋሻ ውስጥ አስቀምጦ የራስ ቁራቸውን ያስወልቃቸዋል፤ መልካችሁ አንድ ቢሆንም እያንዳንዳችሁ ትለያያላችሁ ብሎ ያጫውታቸዋል። በሚቀጥለው ክፍል ጄዳዩ ፕሎ ኩን ከወታደሮቹ ጋር ጠፈር ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። እኛ ለመሞት የተሠራን ነን፣ ማን ይፈልገናል ሲሉት፣ ለእኔ እንደዚያ አይደላችሁም ይላቸዋል። አሁን የ2005ቱን ፊልም ክፈቱና ፕሎ ኩን እንዴት እንደሚሞት እዩ፤ አጅበውት የሚበሩት የገዛ ክሎኖቹ ናቸው መትተው የሚጥሉት። የፊልሙ አንዲት ምስል ሳትነካ ትርጉሙ ሌላ ሆነ!

ይህን ሁሉ ክሎን በድምፁ የሚጫወተው አንድ ሰው ነው፤ ዲ ብራድሊ ቤከር ይባላል። ከክሎኖቹ መካከል ሬክስን ከፋይቭስ፣ ፋይቭስን ከኤኮ ዓይን ጨፍኖ መለየት ይቻላል። ለእኔ የተከታታዩ ትልቁ ተዋናይ እሱ ነው።

ደጋግ የሆኑት ወታደሮች ታዲያ ለምን ይገድላሉ? መልሱ ስድስተኛው ሲዝን ላይ አለ። ክሎኖቹ ከመወለዳቸው በፊት አእምሯቸው ውስጥ ቺፕ ተቀብሮባቸዋል። ፋይቭስ ይደርስበታል፤ ለመናገር ሲሯሯጥ እንደ እብድ ይቆጠርና በገዛ ወንድሞቹ ጥይት ይወድቃል። ከእሱ በኋላ ክሎኖቹን ገዳዮች ብቻ ብሎ መጥራት ይከብዳል።

አህሶካ ታኖን ልረሳ ነበር! በፊልሞቹ ያልነበረች የ14 ዓመት ልጅ፣ የአናኪን ደቀ መዝሙር። መጀመሪያ ላይ ብዙ ተመልካች አልወደዳትም ነበር፤ ሦስተኛው ፊልም ላይ ስለሌለችም ሞታ ትቀራለች ተብሎ ተፈራ። ጸሐፊዎቹ የተሻለ ዘዴ አገኙ፤ ባልሠራችው ወንጀል ተከስሳ፣ ነፃ ከወጣች በኋላ የጄዳይን ማኅበር ትታ ትሄዳለች። አናኪን በጄዳይ ምክር ቤት ላይ ያለው ጥርጣሬ በፊልሙ ውስጥ ድንገት የመጣ ይመስል ነበር፤ አሁን ግን ምክንያት አለው። በፊልም የሞተውን ክፉ ገጸ ባሕርይ ዳርት ሞልን ወገቡ ላይ ከተቆረጠ በኋላ ከሞት ማስነሳታቸው ግን እስካሁን አልተዋጠልኝም፣ ምንም እንኳ የሞል ክፍሎች ግሩም ቢሆኑ።

ዲዝኒ ሉካስፊልምን ከገዛ በኋላ ሥራው በ2013 ተቋርጦ ነበር፤ ስድስተኛው ሲዝን በ2014 በኔትፍሊክስ፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው በ2020 በዲዝኒ ፕላስ ወጣ። የመጨረሻዎቹ አራት ክፍሎች ከሦስተኛው ፊልም ጋር በአንድ ጊዜ የሚፈጸሙ ናቸው። ትእዛዝ 66 ለሬክስ ሲደርሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ አህሶካ ላይ ላለመተኮስ ሲታገል ታያላችሁ።

በጠቅላላው 133 ክፍል ነው፤ አትደንግጡ። መክፈቻ የሆነው የ2008ቱ ፊልም ደካማ ነው፤ የሮቦቶቹ ቀልድ የበዛባቸውን ክፍሎችም ብትዘሏቸው ማንም አይወቅሳችሁም። ጊዜ ከሌላችሁ ከአራተኛው ሲዝን የኡምባራን አራት ክፍሎች፣ የአምስተኛውን የመጨረሻ አራት፣ የስድስተኛውን የመጀመሪያ አራት፣ የሰባተኛውን የመጨረሻ አራት እዩና በዚያው ሦስተኛውን ፊልም ክፈቱ። ስትፈልጉ ግን ተጠንቀቁ፤ ከ2003 እስከ 2005 የወጣ «ክሎን ዎርስ» የሚባል ሌላ ካርቱን አለ። የጌንዲ ታርታኮቭስኪ ሥራ ነው፣ እሱም ጥሩ ነው፤ አህሶካ ግን የለችበትም።