ግሌን ለምን ሞተ? የ"ዎኪንግ ዴድ" አንባቢዎች እስካሁን ያልጨረሱት ክርክር

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፦ ስፖይለር አለው! ኮሚኩን ገና ልጀምር ያላችሁ ሴቭ አድርጉትና በኋላ ተመለሱ።

"ዘ ዎኪንግ ዴድ"ን ብዙዎቻችን የምናውቀው በተከታታይ ፊልሙ ነው። መነሻው ግን ሮበርት ኪርክማን የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 መታተም የጀመረ ጥቁርና ነጭ ኮሚክ ነው። አብዛኛውን የሳለው ቻርሊ አድላርድ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ዞምቢ ለመሆን መነከስ አያስፈልግም። በሽታው ሁሉም ሰው ውስጥ አለ። በጥይት ይሁን በትኩሳት፣ የሞተ ሰው አንጎሉ ካልተመታ ይነሳል። ስለዚህ ወዳጅህ ሲሞት ቁጭ ብለህ ማልቀስ አትችልም፤ አንዳችሁ ቢላዋ ማንሳት አለባችሁ። ክርክሩን የሚያጦዘውም ይሄው ነው።

ወደ ግሌን እንምጣ። 100ኛው ቁጥር፣ ሐምሌ 2012። ኔጋን የሚባለው ሰውዬ እነ ሪክን አንበርክኮ፣ ልጆች በጨዋታ ማን እንደሚወጣ በሚመርጡበት የቆጠራ ግጥም አንዱን ይመርጣል። ዕጣው ግሌን ላይ ወደቀ። እሾሃማ ሽቦ በተጠመጠመበት የቤዝቦል ዱላ፣ እርጉዝ ሚስቱ ማጊ ፊት ቀጥቅጦ ገደለው።

የተናደዱት አንባቢዎች "ምንም አላጠፋም፣ ማንንም ሲያድን አልሞተም፣ ታዲያ ለማስደንገጥ ብቻ ካልሆነ ለምን?" ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ "እሱ እኮ ነው ነጥቡ፤ ዕጣ ጥሩ ሰው አይመርጥም" ባዮች ናቸው። እኛ ወደ ሁለተኛዎቹ እናደላለን። ግን በፊልሙ ጉዳይ ከተናደዱት ጋር ነን፦ ኮሚኩ ገጹን ገልጦ ማን እንደሞተ ያሳያል፣ ፊልሙ ግን ማን እንደተመታ ደብቆ ተመልካቹን ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት 2016 አስጠበቀ። ሞትን እንቆቅልሽ ማድረግ ደስ አይልም። (በነገራችን ላይ ፊልሙ ላይ አብሮት የሞተው አብርሃም፣ ኮሚኩ ላይ ቀደም ብሎ በ98ኛው ቁጥር ዓይኑን በቀስት ተመትቶ ሞቷል።)

ለእኛ ከሁሉም የከበደን የአንድሪያ ነው። ዩጂንን ስታድን ተነከሰች። 167ኛው ቁጥር ከሞላ ጎደል ስንብት ነው፤ ሰው በየተራ አልጋዋ ጋ እየመጣ ይሰናበታታል፣ ሪክ ከጎኗ አይነሳም።

ካርልስ? ፊልሙ ላይ በ2018 ሞተ፣ ኮሚኩ ላይ እስከ መጨረሻው በሕይወት አለ። ብዙ የኮሚኩ አንባቢዎች ይሄን ለፊልሙ ይቅር አላሉትም።

ሪክ ራሱ የሞተው በጦርነት አይደለም። 192ኛው ቁጥር ላይ ሰባስቲያን የሚባል የተቀማጠለ ልጅ ተኩሶ ገደለው። ቀጣዩ 193ኛው ቁጥር ሲወጣ ደግሞ ታሪኩ አለቀ፣ ቀድሞ የተነገረ ነገር አልነበረም። ኪርክማን እንዳይታወቅበት ከዚያ በኋላ ለሚመጡ ቁጥሮች የውሸት ሽፋን ሁሉ አሠርቶ ነበር።

ያነበባችሁ፦ ግሌን ወይስ አንድሪያ? ጻፉልን።