ያውቁ ኖሯል? ጥሬ ቪዲዮ ገና ቀለሙ አልተሠራም
ጥሬ ወይም «ሮው» የሚባለው ቪዲዮ ከካሜራ ሲወጣ ያለቀለት ምስል አይደለም። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ሴንሰር ላይ እያንዳንዱ ነጥብ የሚመዘግበው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። ለዚህ አደራደር የኮዳኩ ብራይስ ቤየር በ1976 እ.ኤ.አ. ፓተንት አግኝቶበታል። የጎደሉትን ቀለሞች ከአጎራባች ነጥቦች እያሰላ ሙሉውን ምስል የሚሠራው እንደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ያለ የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ነው።

ዋይት ባላንስ፣ ማለትም የቀለም ሚዛን ማስተካከያው፣ በፋይሉ ላይ እንደ ማስታወሻ ብቻ ስለሚቀመጥ፣ አምፖል ሥር ቢጫ መስሎ የተቀረጸ ፊት በኋላ ያለ ጉዳት ይስተካከላል። በብርሃን ብዛት ነጭ ሆኖ የጠፋን ሰማይ ግን ሮውም አይመልሰውም።

ችግሩ ቦታው ነው። 4096 በ2160 ፒክስል የሆነ፣ ያልታመቀ ባለ12 ቢት ሮው በሴኮንድ 24 ፍሬም ሲቀረጽ በደቂቃ 19 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ብዙ ኤዲተሮችም በቀላል ቅጂ፣ ማለትም በፕሮክሲ፣ ቆርጠው ቀጥለው ለቀለም ሥራ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳሉ።

ሬድ የተባለው ኩባንያ በ2007 ያወጣው ሬድ ዋን ካሜራ ጥሬውን መረጃ አምቆ ይመዘግብ ነበር፤ ዘዴውንም በፓተንት አጠረው። አፕል በ2019 ፓተንቱን ቢሞግትም አልተሳካለትም። ካሜራ ሠሪው ኒኮን በፓተንት ጥሰት በ2022 በሬድ ተከሰሰ፣ በ2023 ክሱ ተቋረጠ፤ በ2024 ኒኮን ራሱ ሬድን ገዛው።