ዓርማ ሊመረጥ ሕዝብ ሲጠየቅ

አንድ ተቋም፣ ከተማ ወይም ታላቅ የስፖርት ውድድር አዲስ ዓርማ፣ ማለትም በተለምዶ ሎጎ የሚባለውን መለያ ምልክት፣ ለማውጣት ሲነሣ ለመጨረሻው ዙር ያለፉትን ንድፎች ለሕዝብ አሳይቶ አስተያየት መሰብሰብ እየተለመደ መጥቷል። መሰብሰቡ ቀላል ነው፤ መጠይቅ የሚበትን ሰውም ሆነ መልስ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ችግሩ የሚመጣው የተሰበሰበው ክምር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥና አንዱ ወገን እንደ ምርጫ ኮሮጆ ሊቆጥረው፣ ሌላው ወገን ደግሞ አንብቦ ወደ ጎን ሊያደርገው ሲፈልግ ነው። ሁለቱም አያያዝ የሚሳሳተው፣ ሕዝቡ የተጠየቀው እንዲወስን ነው ወይስ እንዲመክር ለሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው መልስ ስላልተሰጠው ነው።

ለዚህ የቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ ዓርማ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። አዘጋጅ ኮሚቴው የመጀመሪያውን ዓርማ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 ይፋ ሲያደርግ፣ መወዳደር የተፈቀደላቸው ቀደም ሲል የታወቁ ሽልማቶችን ያገኙ የንድፍ ባለሙያዎች ብቻ ስለነበሩ የቀረቡት ሥራዎች 104 ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የቤልጅየም ባለሙያ ዓርማው በሊዬዥ ከተማ ላለ ቴአትር ቤት ከሠራሁት ጋር ይመሳሰላል በማለቱ ውዝግብ ተነሣ፤ ጃፓናዊው ንድፍ ሠሪ አልኮረጅኩም ቢልም፣ ዓርማው ሴፕቴምበር 1 ቀን 2015 ከአገልግሎት ተሰረዘ። ቀጥሎ የወጣው ውድድር ለሰፊው ሕዝብ ክፍት ሲሆን 14,599 ንድፎች ጎረፉ፤ በኤፕሪል 2016 አራቱ በፊደል ተለይተው ለዕይታ ቀረቡና ሕዝቡ ለጥቂት ቀናት አስተያየቱን እንዲልክ ተጋበዘ። የመጨረሻውን ውሳኔ የሰጠው ግን 21 አባላት ያሉት መራጭ ኮሚቴ ነበር፤ ኮሚቴው በ13 ድምፅ የመረጠው፣ በጃፓን ታሪክ ኤዶ በሚባለው ዘመን የተወደደውን የዳማ ገበታ መሰል ጥለት ተከትሎ በ45 ባለ አራት ማዕዘን ቅርጾች የተሠራውን፣ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ብቻ ያለውን ንድፍ ነው።

ይህ ንድፍ ጭር ያለ ነው፣ የበዓል ስሜት አይሰጥም የሚል ትችት አላጣውም። የቀሩት ሦስቱ በቀለም ያሸበረቁ ስለነበሩም፣ በአንድ ቀለም የተሠራው ብቻውን ጎልቶ እንዲታይ ተደርጓል የሚል ሐሜት ተሰምቶ ነበር። ሐሜቱን ትተን ነገሩን ራሱን ብንመረምር፣ አስተያየት የሚሰበስብ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ወጥመድ ይታያል። ከመቶ ሰው 60ዎቹ ደማቅ ቀለም የሚወዱ ቢሆኑና በሦስቱ ደማቅ ንድፎች ላይ እኩል ቢከፋፈሉ እያንዳንዱ ንድፍ 20 ያገኛል፤ ጭምቱ ንድፍ ግን የ40ዎቹን ድጋፍ ለብቻው ጠቅልሎ አንደኛ ይወጣል። ሰንጠረዡ ሕዝቡ ጭምት ነገር ይወዳል ቢልም፣ የሕዝቡ ዝንባሌ ግን ከዚያ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ መጠይቁ የትኛውን ይመርጣሉ ከሚለው ጥያቄ ጎን ለጎን እያንዳንዱን ንድፍ ለየብቻው እንዲመዝኑ ካልጠየቀ፣ ውጤቱ ከሕዝቡ ፍላጎት ይልቅ የአቀራረቡን ቅርጽ ያሳያል።

በጽሑፍ የሚመጡት አስተያየቶች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። «አልወደድኩትም» የሚል መልስ ስሜትን ይነግራል እንጂ ለሠሪው የሚጨበጥ ነገር አይሰጠውም፤ «በማኅተም መጠን ሲያንስ መስመሮቹ ተጣብቀው ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ» የሚለው ግን፣ አንድ ሰው ብቻ ቢጽፈውም፣ ወዲያው በወረቀት ላይ ታትሞ ሊረጋገጥ ይገባዋል። እንዲህ ዓይነቱ ጉድለት በድምፅ ብዛት አይለካም። ንድፉ የሌላ ተቋም ምልክት ይመስላል ወይም የአንድን ማኅበረሰብ እምነት ይነካል የሚሉ ጥቆማዎችም በዚሁ ረድፍ የሚመደቡ ሲሆኑ፣ ከቶኪዮው ውዝግብ በኋላ ማንም አዘጋጅ እነዚህን በቸልታ ማለፍ አይችልም። በአንጻሩ «ክቡን ወደ ግራ ገፋ አድርጉት፣ ቀዩን በአረንጓዴ ለውጡ» የሚሉ ትእዛዞችን አንድ በአንድ መፈጸም ንድፉን የጨርቅ ቁርጥራጭ ያደርገዋል፤ አስተያየቱን የሚያነበው ሰው ትእዛዙን ያስከተለውን ቅሬታ ፈልጎ መፍትሔውን ለባለሙያው ቢተው ይሻላል።

የመጀመሪያ ቀን ተቃውሞ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአዲስነት የሚመነጭ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንች በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች አንድን ነገር ደጋግመው ባዩት ቁጥር ይበልጥ እየወደዱት እንደሚሄዱ አሳይቷል፤ ይህንንም የመላመድ ውጤት ልንለው እንችላለን። የለንደን 2012 ኦሊምፒክ ዓርማ በ2007 ሲወጣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይነሣ ብለው ቢፈርሙም አዘጋጆቹ አልነቀሉትም፤ ውድድሩም በዚያው ዓርማ ተካሄደ። ጋፕ የተባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ግን በ2010 ያወጣውን አዲስ ዓርማ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሰርዞ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ልዩነቱ በጩኸቱ መጠን ብቻ የሚገለጽ አይደለም፤ ለንደን የሚወደድ አሮጌ ዓርማ አልነበራትም፣ ጋፕ ግን ደንበኞቹ የለመዱትን ነበር የነጠቃቸው።

ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ ለሕዝብ መስጠትም ይቻላል። ሚላኖና ኮርቲና ለ2026 የክረምት ኦሊምፒክ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ በ2021 ሁለት ንድፎች ብቻ ለድምፅ ቀርበው ከ870 ሺህ በላይ ሰዎች ከመረጡ በኋላ «ፉቱራ» የተባለው 75 በመቶ አግኝቶ ጸደቀ። ምርጫው ሁለት ብቻ በመሆኑ የድምፅ መበታተን ችግር አልነበረም፣ ባለሙያዎቹም ለሁለቱም ንድፎች ብቁነት ቀድመው ኃላፊነት ወስደዋል። ቶኪዮም ብትሆን ለውድድሩ ማስኮት፣ ማለትም ለዕድል አምጪ ገጸ ባሕርያት፣ የተለየ መንገድ መርጣለች፤ ከሦስት ጥንዶች መካከል እንዲመርጡ የተጠየቁት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ክፍል ተወያይቶ አንድ ድምፅ ብቻ እንዲሰጥ ተደረገ። ከተሳተፉት 205,755 ክፍሎች 109,041ዱ የመረጡት ጥንድ አሸነፈ፤ ያ ጥንድ በአካሉ ላይ የያዘው ጌጥ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጭር ያለ ነው የተባለው ያው የዳማ ጥለት ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ግን «የትኛውንም አልፈልግም» ለሚሉ ሰዎች ቦታ መተው ነው። ኒውዚላንድ ሰንደቅ ዓላማዋን ስለመቀየር በ2015 እና በ2016 ሁለት ሕዝበ ውሳኔ ስታካሂድ፣ መጀመሪያ የጠየቀችው ከአምስት አዳዲስ ንድፎች የትኛው ይሻላል ብላ ነበር፤ ለውጡን የማይፈልጉ ሰዎች ተቃውሟቸውን የሚገልጹበት ምርጫ በወረቀቱ ላይ ስላልነበረ፣ ከተሰጠው ድምፅ አሥር በመቶ የሚጠጋው ዋጋ የሌለው ሆነ። አዘጋጆቹ ይህን እንደ ብልሹ ወረቀት መዝግበው አለፉ፤ በማርች 2016 አሸናፊው ንድፍ ከነባሩ ጋር ሲቀርብ 56.6 በመቶ የሚሆነው መራጭ ነባሩ ይቆይ አለ።