ዘንዶውን ማን ይቀልበው ነበር?

ሎስ አንጀለስ የምትኖሩ ታውቋታላችሁ፤ ሌሎቻችሁም ስሟን ሳትሰሙ አትቀሩም። ፌርፋክስ አቬኑ ላይ፣ በኦሊምፒክና በፒኮ ጎዳናዎች መካከል የምትገኘው አጭር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2002 በከተማው ምክር ቤት «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብላ ተሰይማለች። ሆሊውድ ከዚያ በስተሰሜን ነው፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ ሩቅ አይደለም (መቼ እንደማይጨናነቅ ግን እግዜር ይወቅ)። እዚያ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስድስት ወጣቶች ጥግ ያለችውን ጠረጴዛ ይዘው፣ ደብተር ዘርግተው ሲከራከሩ ሰነበቱ። አንዷ የእህቴ ልጅ ናት። ድምፃቸው ከፍ ሲል የአገር ቤት ፖለቲካ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ስሰማ የሚከራከሩት አንድ ክፉ ንጉሥ ቁርሱን ምን እንደሚበላ ነው።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። እዚህ አገር ወጣቶች አንድ ፊልም ወይም መጽሐፍ ሲወዱ ዝም ብለው አይወዱትም፤ ደራሲው ያልጻፈውን ምዕራፍ ራሳቸው ይጽፉለታል። «ፋን ፊክሽን» ይሉታል፤ የአድናቂ ድርሰት እንበለው። የእኛዎቹ ልጆች መነሻ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ብላክ ፓንተር» ፊልም ነው። የዋካንዳን መንግሥት ከቱርካና ሐይቅ አጠገብ፣ ከእኛ ደቡባዊ ድንበር ጥግ የሚያስቀምጡ ካርታዎች ስላሉ፣ ልጆቹ «ታዲያ ከሰሜን በኩል ጎረቤቷ ማን ነው?» ብለው አንድ ደጋማ አገር ፈጠሩ። እያንዳንዱ የየራሱን ምዕራፍ ይጽፋል፤ ዓለሙ ግን የጋራ ነው። አንዱ ወንዙ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል ካለ፣ ሌላዋ ወደ ምሥራቅ ልታፈስሰው አትችልም። ሕጉ የሚጻፈው በዚያ ደብተር ላይ ነው።

ጣጣው የመጣው በእኩዩ ገጸ ባሕርይ ነው። በእኛ ጊዜ ሲኒማ ቤት ስንገባ «አክተሩ አይሞትም» ብለን አምነን ነበርና ስለ ክፉው ብዙም አንጨነቅም። እነዚህ ግን ስለ ክፉው ነው የሚጨነቁት። ዝርዝሩን በየተራ ነበር የሚጨምሩለት። አንዱ ስም አወጣለት። ሌላዋ አነጋገር ሰጠችው፤ አንዳንድ ፊደል ምላሱ ላይ እንዲከብደው አደረገች። ሦስተኛው የሚወደውን ምግብ፣ አራተኛዋ አለባበሱን፣ አምስተኛው የትውልድ ተራራውን ጨመሩ። አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም። በአራተኛው ቅዳሜ ግን ሰውየው ከአንድ የታወቀ አውራጃ የመጣ ሰው ሆኖ ቁጭ አለ። እስከዚያ ዝም ብላ የምትሰማው ስድስተኛዋ ልጅ ደብተሩን ዘጋችና «ይሄ እኮ የእናቴ አባት ነው» አለች። የየትኛው አውራጃ እንደሆነ አልጽፍም። ብጽፍ ከአንባቢዎቼ ግማሹ እዚህ ላይ ማንበቡን ያቆማል፤ ግማሹ ደግሞ ደስ ይለዋል፤ ሁለቱም አይጠቅሙኝም።

የእህቴ ልጅ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አለች። ሽምግልና ተጠርቶ እምቢ የሚል አበሻ የለምና ወንበሬን ሳብኩ።

መጀመሪያ ያነሣሁላቸው የራሳቸውን ፊልም ነው። በዚያ ፊልም የተራራው ሕዝብ መሪ ምባኩ የሚባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 በኮሚክ መጽሔት መጀመሪያ ሲወጣ እኩይ ነበር፤ ቅጽል ስሙም «ማን-ኤፕ»፣ የዝንጀሮ ሰው እንደ ማለት። ጥቁርን ሰው ከዝንጀሮ ጋር ማዛመድ በዚህ አገር ምን ታሪክ እንዳለው ለእናንተ አልነግርም። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ያንን ስም ጣሉት፤ ሰውየውንም በመጨረሻው ሰዓት ለእርዳታ የሚደርስ መሪ አደረጉት። ዋናው ባላንጣ ኪልሞንገር ደግሞ በ1973 ሲፈጠር ከሐርለም ጋር የተያያዘ ነበር፤ በፊልሙ የኦክላንድ ልጅ ሆነ። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ራሱ የኦክላንድ ልጅ ነው። ክፉውን ከጎረቤቱ ሰፈር አላመጣውም፤ ከራሱ ሰፈር ነው ያወጣው። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ አውቀውት ኖሮ ራሳቸውን ነቀነቁ። የማያውቁት የእኛን ነበር።

የእኛ ትልቋ የጋራ እኩይ ገጸ ባሕርይ ጉዲት ናት። ዮዲት የሚላት አለ፤ እሳቶ የሚላትም አለ። ለጊዜው ቅርብ የሆነው ማስረጃ ስለ እርሷ የሚለው በጣም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ከ979 እስከ 1003 በእስክንድርያ መንበር የተቀመጡት ፓትርያርክ ፊሎቴዎስ ዘመን፣ የሐበሻው ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ጊዮርጊስ ደብዳቤ እንደ ላከ በፓትርያርኮች ታሪክ ተጽፏል። አንዲት ንግሥት ተነሥታብኛለች፣ ከተሞቼን አቃጥላለች፣ አብያተ ክርስቲያናቱን አጥፍታለች ይላል። የዓረቡ ጂኦግራፈር ኢብን ሐውቀልም በዚያው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሡን ገድላ አገሪቱን የያዘች ሴት እንዳለች ጽፏል። ወገኗን በተመለከተ ያለን «በኑ አል-ሐምዊያ» የሚል አንድ የዓረብኛ ቃል ነው፤ እሱም አነባበቡ ያከራክራል። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ «ዳሞት» ተብሎ መነበብ አለበት ብሎ ወደ ደቡብ ወሰዳት።

እንግዲህ ባዶውን ቦታ እዩልኝ። የት ተወለደች? ምን አምና ነበር? ለምን አደረገችው? ደብዳቤው አይመልስም። ከዚያ በኋላ የመጣ እያንዳንዱ ተራኪ ግን ከራሱ ጨመረ። አንዱ አይሁድ አደረጋት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የሰሜን አይሁዶች ንጉሥ የጌዴዎን ልጅ አድርጎ፣ ደብረ ዳሞ ላይ የነበሩትን የነገሥታት ልጆች ስታስፈጅ አሳየን። ሌላው የቤተ ክርስቲያን ወርቅ ጫማ አደረጋት፤ ሌላው ጡቷን አስቆረጠና የበቀል ምክንያት ሰጣት። ስሟ ራሱ ሥራ ተሠርቶበታል፦ ጉዲት ከ«ጉድ»፣ እሳቶ ከ«እሳት»። ዮዲት የሚለው ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ሕዝቧን ያዳነች የጀግና ሴት ስም ነው። የጀግናን ስም ለእኩይ መስጠት እንግዲህ የማን ሐሳብ እንደነበር!

ይህ ሁሉ ለጨዋታ ቢሆን ባልከፋ። አይሁድነቷ ተጻፈ፤ ከዚያ በኋላ በጎንደርና በሰሜን የሚኖር ቤተ እስራኤል ገበሬ፣ ሸክላ ሠሪና ባለ እጅ በማያውቃት ሴት የሚጠየቅ ሆነ። ቀድሞውኑ «ቡዳ» የሚባል ሰው ላይ «አክሱምን ያቃጠለች የእነሱ ናት» የሚል ተጨመረበት። በቤተ እስራኤል ወግ ደግሞ ያችው ሴት የሚኮሩባት ንግሥት ሆና ትተረካለች። አንድ ባዶ ቦታ፣ ብዙ እጅ። እያንዳንዱ እጅ ባዶውን የሚሞላው በሚፈራው ጎረቤቱ ወይም በሚወደው ወገኑ ነው። የልጆቹ ደብተር ላይ በአራት ቅዳሜ የሆነው፣ በእኛ መጻሕፍትና አፈ ታሪክ ላይ በብዙ መቶ ዓመታት የሆነው ነው።

«ታዲያ ክፉ ሰው ስንሠራ ከየትም አይምጣ ማለት ነው?» አለ አነጋገሩን የደገፈው ልጅ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከየትም ያልመጣ ሰው ሰው አይሆንም።

መልሱን ያገኘሁት ግድግዳው ላይ ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ ሣጥን እየከፋፈለ የሚተርከውን ሥዕል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ለቱሪስት ይሸጣል፣ ውጭ አገር ያለ የአበሻ ምግብ ቤትም አያጣውም። 44 ሣጥን ያለው የተለመደ ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው ሰሎሞንንና ንግሥቲቱን ነው፤ ሥዕሉ ግን የሚጀምረው በዘንዶ ነው። አርዌ ይባላል። የነገሥታት ዝርዝር 400 ዓመት አነገሠው። በግእዝ ከተጻፉት ትረካዎች በአንዱ ርዝመቱ 170 ክንድ፣ ጥርሱ አንድ ክንድ ነው። «በሜትር ስንት ነው?» አሉኝ፤ 85 ገደማ አልኳቸው። «ከኳስ ሜዳ ትንሽ ያንሳል» ብለው ጻፉት።

አርዌም የጋራ ድርሰት ነው። በሥዕሉ ላይ የሚገድለው አጋቦስ ነው፤ መርዝ ያጠጣትን ፍየል አብልቶ ይገድለውና ሕዝቡ ያነግሠዋል፤ ልጁ ንግሥት ትሆናለች። ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው የትግረ ቋንቋ ትረካ ግን ገዳዮቹ ቅዱሳን ናቸው፤ መሣሪያቸውም መስቀል ነው፤ ዛፍ ላይ ታስራ የነበረችው ልጅ እግር ላይ የዘንዶው ደም ነጥቦ የአህያ ሰኮና ያደርገዋል። ደብረ ዳሞ ስትሄዱ ደግሞ ዘንዶ አቡነ አረጋዊን ወደ አምባው ያወጣ አገልጋይ ነው! ጀግናው ይለወጣል፣ መሣሪያው ይለወጣል፣ ልጅቷ ትለወጣለች። አርዌ ባለበት ትረካ የማይለወጠው ግብሩ ነው። ሕዝቡ ልጃገረድ ያቀርባል፣ ከብት ያቀርባል፣ ወተት ያቀርባል። ዘንዶው አነጋገር የለውም፣ አውራጃ የለውም፣ የእናት አባት የለውም። ያለው ቀለብ ነው።

ስለዚህ ለልጆቹ ያልኳቸው ይህን ነው፦ የት እንደ ተወለደ ከመጻፋችሁ በፊት እንዴት እንደሚበላ ጻፉ። 85 ሜትር ዘንዶ ራሱ ፍየል አያግድም። ፍየሏን ከየቤቱ የሚቆጥር ሰው አለ። የዘንድሮ ተራ የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ ሰው አለ። ለወተቱ ገንቦ የሚሠራ አለ፤ ከገንቦው የሚያተርፍ አለ፤ ልጁን ከዝርዝር ለማስወጣት ጉቦ የሚሰጥ አለ። ዘንዶው አይናገርም፤ እንግዲያው የሚናገርለት ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ ለዚህ ሹመት ስም አናጣም፦ አፈ ንጉሥ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 የልብነ ድንግል ሰፈር ሲደርስ ንጉሡ ከመጋረጃ በስተጀርባ ነበሩ፤ ቃል የሚያመላልሱት ሹማምንት ናቸው። ልብነ ድንግልን ዘንዶ አላልኩም፤ ዳሩ ግን ከመጋረጃው በስተጀርባ ማን እንዳለ የሚያውቁት ገብተው የሚወጡት ብቻ ከሆኑ፣ ታሪኩ ያለው በእነሱ ዘንድ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። «ዘንዶው ከሞተ ቆይቶስ ቢሆን?» አለች አንዷ። «ማንም አያውቅም፣ ግብሩ ግን ይሰበሰባል።» እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ሐዲስ ዓለማየሁም ይህን አሳምረው ያውቁታል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ (1958 ዓ.ም.) ፊታውራሪ መሸሻ በደሙ ክፉ የሆነ ሰው አይደለም። ከተለመደው በላይ ግብር ጠየቀ፤ ገበሬው በአበጀ በለው መሪነት እምቢ አለ፤ ፊታውራሪው ሊያስገብር ዘምቶ ተማርኮ ተመለሰ። ደራሲው የጎጃም ሰው ናቸው፤ ባላባቱንም ከዚያው ከጎጃም ነው ያወጡት። ገበሬውም የዚያው አገር ሰው ነው። እኩይነቱ ያለው በትውልድ ሐረጉ ትምክህትና በጠየቀው ግብር ላይ ነው፤ አንባቢ እየሳቀ የሚያውቀውም ለዚህ ነው።

ያን ቀን አልታረቁም። አነጋገሩን የሰጠችው ልጅ «ብዙ ደክሜበታለሁ» ብላ አኮረፈች፤ ደብተሩን የዘጋችውም ሳትሰናበት ወጣች። በሳምንቱ ግን ቀድማ መጥታ አገኘኋት። አንድ ምዕራፍ ጽፋለች፤ ተራኪው ፍየል ቆጣሪው ነው። ትውልዱም ከሁሉም አውራጃ ሊሆን እንዲችል አድርጋ ነው የጻፈችው። ምዕራፉ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። ቆጣሪው በጣም ክፉ ነው። ሌሊት እየሳቀ ነው የሚቆጥረው።

«እንዲህ አይደለም» አልኳት፤ ከአፌ አመለጠኝ።

«እርስዎ በምን ያውቃሉ?» አለች፤ በትሕትና ነው የጠየቀችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ አገር 30 ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ የ22 ዓመት ወጣት ነበርኩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቀበሌ ጸሐፊ። የስኳርና የዘይት ራሽን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ዕድሜያቸው ለውትድርና የደረሱ ልጆችን ስም ጻፍ ስባልም የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሊቀመንበሩ ሲያነብ እንዳይቸገር ፊደሌን አሳምሬ እጽፍ ነበር። አልሳቅኩም፤ አላለቀስኩምም። ሌሊት የማስበው የቤት ቁጥር ተሳስቼ እንደሆነ ነበር። አንዳንዶቹ የጎረቤት ልጆች ናቸው። ከእነሱ አንዱ አልተመለሰም፤ እናቱ ግን እስከ መጨረሻው ሰላምታ አልነፈገችኝም።

ይህን ሁሉ አልነገርኳቸውም፤ ግማሹን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ የእህቴ ልጅ ብዕሯን አነሣችና ዝርዝሩ በስንት ቅጂ ይጻፍ እንደነበር ጠየቀችኝ። በሦስት አልኳት፤ በካርቦን ወረቀት፣ ሦስተኛው እየደበዘዘ። አንዱ እኛ ዘንድ ይቀራል፣ ሁለቱ ወደ ላይ ይሄዳሉ። ብዕሩ ቢክ ነው፣ ሰማያዊ። ስም በስህተት ከተጻፈ አይፋቅም፤ በላዩ መስመር ተሰምሮ ይፈረምበታል። ሁሉንም ደብተሩ ላይ ጻፉት።